ጀሪካን ባንድ በለቅሶ ድንኳን

ማንም ሳይሞት ሰፈሩ ለቅሶ ደረሰ። ጥፋቱም የሊዲያ ነበር። የእድሩ ዥንጉርጉር የሰርግ ድንኳን ለቱሉ ዲምቱ ሙሽሮች ተሰጥቶ ስለነበር “ድንኳን ያው ድንኳን ነው” ብላ አመድማውን የለቅሶ ሸራ ተረከበችና፣ ቅዳሜ ገና ወፍ ሲንጫጫ ገላን ኮንዶሚኒየም በራሳቸው ብሎክ ፊት፣ ልክ በአባቷ መኝታ ቤት መስኮት ሥር አስተከለችው። አባቷ ጋሽ ወንድዬ በኩላሊት ሕመም ቤት መዋል ከጀመሩ ሰነባብተዋል፤ ሰፈሩም ይህን ያውቃል። በታመመ ሰው መስኮት ሥር በጠዋት የለቅሶ ሸራ ቆሞ ያየ ሰው ደግሞ “ማን ሞተ?” ብሎ አይጠይቅም። ቤቱ ይመለሳል፣ ነጠላውን ያዘቀዝቃል፣ እያለቀሰ ይመጣል።

ድንኳኑ የተፈለገው ለጀሪካን ባንድ ነበር። ጀሪካን ሦስት ሰው ነው። የሊዲያ ታላቅ ወንድም ቀናው ጊታር እየመታ ይዘፍናል፣ ዮሚፍ ቤዝ ጊታር ይጫወታል፣ ሞቲ ድራም ይመታል። ስሙም የመጣው ከሞቲ ነው፤ ድራም ሳይኖረው በፊት የእናቱን የውሃ ጀሪካኖች ገልብጦ ሲለማመድ ብሎኩን በሙሉ ከእንቅልፉ ያስነሳ ስለነበር። የሚጫወቱት የውጭ ሮክ ነው። የራሳቸው ዘፈን የላቸውም፤ አለን ብለውም አያውቁም። ሊዲያ ሳሪስ በሚገኝ አንድ ሆቴል ምድር ቤት፣ ቢራ ከውጭው በእጥፍ ዋጋ በሚሸጥበትና ወለሉ ጫማ በሚይዝበት አዳራሽ፣ ደጋግማ ሰምታቸዋለች። ወንድሟ ስለሆነ አታሞግስም፤ እንዲያውም የተበላሸ ምሽት ከነበረ ታክሲ ውስጥ ገና ወንበር ሳይዙ ትነግራቸዋለች። ግን ያየችውን አይታለች። ሰዉ መጀመሪያ ወሬውን አያቋርጥላቸውም። ሁለተኛው ዘፈን ላይ አንዱ ጠረጴዛ ዝም ይላል። ሦስተኛው ላይ ብርጭቆ ያነሳ እጅ አፍ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ይህ ሁልጊዜ ይሆናል፤ ሊዲያ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሆን ነገር በአጋጣሚ አይሆንም ብላ ታምናለች።

ይህን የማያውቁት አንድ ሰው ነበሩ። ቀናው በአንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት የነበረውን የቀያሽነት ሥራ ትቶ ጊታር የያዘ ዕለት ጋሽ ወንድዬ “በጆሮዬ አልሰማውም” አሉ። ጊታሩን ማለታቸው ይሁን ልጁን አላብራሩም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሁለቱንም አልሰሙም። ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው፣ ፍሪጁና የውሃ በርሜሉ ተጠጋግተው ስለተቀመጡ አንዱ ሲያልፍ ሌላው መነሳት አለበት። በዚህ ቤት ውስጥ ተኳርፎ መኖር ችሎታ ይጠይቃል። “ለዚያ ልጅ ንገሪው፣ ውሃ መጥቷል” ይላሉ ጋሽ ወንድዬ። ቀናው ከእሳቸው አንድ ክንድ ርቆ ሽሮውን እየበላ “እሺ በይልኝ” ይላል። መጀመሪያ አስተላላፊዋ እናታቸው ወይዘሮ መሰለች ነበሩ፤ እሳቸው ሲሰለቻቸው ሥራው ለሊዲያ ተላለፈ። ሊዲያ ቃሊቲ በሚገኝ የጭነት አስተላላፊ ቢሮ ቀኑን ሙሉ የሰው ዕቃ ስታስተላልፍ ውላ፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ ቤት ስትገባ ደግሞ የሰው ቃል ታስተላልፋለች። የንስሐ አባታቸው መጥተው ሞክረዋል። ጋሽ ወንድዬ ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ ያፈሯቸው ጓደኞች መጥተው ሞክረዋል። ሽማግሌ ካልሰራ ድራም ይላክ፣ አለች ሊዲያ በመጨረሻ። አባቷ ወደ ሙዚቃው ካልሄዱ ሙዚቃው በመስኮታቸው ይገባል። ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢጫወቱ፣ እሳቸውም ሳይወዱ በግድ ቢሰሙ፣ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ይበሉ። የምትመኘው ይህን ብቻ ነበር። ቀናው “አይሆንም” ብሎ ሳምንት ተከራከረና እሺ አለ።

የመጀመሪያዋ ለቀስተኛ ወይዘሮ ዲንቄ ነበሩ። ብሎኩ ምድር ቤት ሱቅ አላቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሸራውን አዩ። “ወንድዬ! ወንድሜ ወንድዬ! ነገ እጠይቀዋለሁ፣ ነገ እጠይቀዋለሁ እያልኩ!” እያሉ ደረታቸውን ይዘው ገቡ። ሞቲ የድራሙን ሲምባል፣ የነሐስ ሳህኑን፣ እያሰረ ነበር። ሲያያቸው ሲምባሉን ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጁ አቅፎ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስተኛው፤ ከበሮዎቹንም በብርድ ልብስ ሸፈናቸው። ከኋላቸው ሌሎች መጡ፤ አግዳሚው ሞላ። ዮሚፍ ማን እንደሞተ አላወቀም። ግን ሰው ሲያለቅስ ቆሞ ማየት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ነውና ቤዙን ጥግ አስደግፎ ከለቀስተኛው ጋር አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን ጠረገ። ድምፅ ማጉያዎቹን ያዩ ሰዎችም ቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ ይነበብባቸዋል ብለው አሰቡ እንጂ አልገረማቸውም።

ቀናው ያን ጊዜ ጥግ ላይ ካለው ፀጉር ቤት የመብራት ገመድ እየሳበ ነበር። አንድ ጎረቤት ከኋላው መጥተው አንገቱን አቀፉት። “አይዞህ ልጄ። እግዚአብሔር ያጽናህ። አባት እኮ አይተካም።” ቀናው ገመዱን ጣለ።

ሊዲያ ወጥ ቤት ውስጥ ጀሪካን ታጥባለች። የቤቱ በር ከግድግዳው ጋር ሲላተም ሰምታ ስትወጣ ወንድሟ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ማንንም ሳያይ፣ የመኝታ ቤቱን በር ከፍቶ ገባ። ጋሽ ወንድዬ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው አጥሚት በማንኪያ እየጠጡ ነበር። ቀናው ፊታቸው ተንበርክኮ እጃቸውን ያዘ፤ አጥሚቱ ጋቢያቸው ላይ ፈሰሰ።

“ምን ሆነሃል?” አሉ ጋሽ ወንድዬ።

ቀናው እጃቸውን ይዞ ትንፋሹን ያሰባስባል። ከኩርፊያው ወዲህ ቀጥታ ለእሱ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል እንደሆነ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ሳይገባቸው አልቀረም፤ ምክንያቱም ጋሽ ወንድዬ ወዲያው እጃቸውን ነጥቀው ወደ ሊዲያ ዞሩ።

“ምን ሆኖ ነው ይሄ ልጅ?”

“ሞቱ ብለውኝ ነው” አለ ቀናው።

“ማን?” አሉ፣ አሁንም ሊዲያን እያዩ።

“እርስዎ፣ ጋሼ።”

“መቼ?”

ከታች የወይዘሮ ዲንቄ ድምፅ በመስኮቱ መጣ። ወይዘሮ መሰለች ሊጥ በያዘ እጃቸው ከበረንዳው ገብተው “በስመ አብ!” አሉና ግድግዳውን ተደገፉ። ጋሽ ወንድዬ አጥሚቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ወደ ታች አዩ። ከላይ የሚታየው የሸራው ጀርባና ወደ ውስጥ የሚገባው ሰው ነው። ወይዘሮ ዲንቄ የጋሽ ወንድዬን የማይታበል ደግነት፣ የማይቀር ሰላምታ፣ በባቡር ጣቢያ ዘመን ለመንደሩ ሴቶች ከድሬዳዋ ያስመጡ የነበረውን ሎሚ ሳይቀር እያነሱ ያለቅሳሉ። ጋሽ ወንድዬ ረዥም ጊዜ ሰሙ።

“ሎሚውን ረስታዋለች ብዬ ነበር” አሉ። ቀጥለው ደግሞ “ሊቀመንበሩ ጉዲሳም መጥቷል። እሱ እንኳ በቁሜ መጥቶ አያውቅም።”

በኋላ ከሸራው ጠርዝ የወጣውን የጊታር ገመድ አዩት። በሸራው ክፍት ጎን በብርድ ልብስ የተሸፈነውን ነገርም አዩት። “ይሄ ምንድን ነው?” ሲሉ ሊዲያ ማስዋብ ስለማትችል እንዳለ ነገረቻቸው፤ ድንኳኑ ለቀናው ባንድ እንደሆነ፣ እዚህ የተተከለውም እሳቸው እንዲሰሙ እንደሆነ፣ ሰዉም ሸራውን አይቶ እንደተሳሳተ። ወይዘሮ መሰለች “ሊዲያ! ሊዲያ!” ከማለት በቀር ሌላ አልወጣቸውም። ጋሽ ወንድዬ ወደ አልጋቸው ተመለሱ። ሳሎን ያለው ፍሪጅ ሲያጓራ ይሰማል። ቀናው እዚያው ወለሉ ላይ፣ ከእሳቸው ጉልበት አጠገብ ነው።

“ድንኳኑ ይፍረስ” አሉ በመጨረሻ። “ለዚያም ልጅ ንገሪው።”

ቀናው ተነሣ፤ ጉልበቱን አራገፈ። “እሺ በይልኝ” ብሎ ወጣ።

ሊዲያ ስትከተለው ደረጃው ላይ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ታች ሲደርሱ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ጉዲሳ አስከሬን መስሏቸው ብርድ ልብሱን ገልጠውት ኖሮ ከድራሙ ጋር ተፋጠው ቆመዋል። ጋሽ ጉዲሳ ኮንዶሚኒየሙ ከመምጣቱ በፊት በዚሁ መሬት ላይ ጤፍ ያርሱ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው አሁንም ከማሳ ማዶ ያለ ሰው የሚጠራ ድምፅ ነው። “ሊዲያ፣ ይሄ ምንድን ነው?” ሊዲያ ወደ ድንኳኑ መሃል ገባች። ለማለሳለስ አልሞከረችም።

“ማንም አልሞተም። ጋሼ ላይ ቤት አጥሚት እየጠጡ ነው። ድንኳኑ ለሙዚቃ ነው የተተከለው። ይቅርታ።”

ዮሚፍ ቀና ብሎ “እና ማን ነው የሞተው?” አለ። አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ከጥግ እስከ ጥግ ሳቁ ዞረ፤ አንዳንዶቹ እያማተቡ፣ አንዳንዶቹ “እሰይ፣ እሰይ” እያሉ። ያልሳቁት ጋሽ ጉዲሳና ወይዘሮ ዲንቄ ብቻ ነበሩ።

“የለቅሶ ሸራ ነው!” አሉ ጋሽ ጉዲሳ። “ሰው የሚሸኝበት ነው እንጂ ጊታር የሚደበደብበት አይደለም። አሁኑኑ ይፍረስ።”

“ቆይ እስቲ፣ ቆይ” አሉ ወይዘሮ ዲንቄ። ዓይናቸው ገና አላበጠም እንጂ ቀይ ነው። “እኔ ይሄን ሁሉ ያለቀስኩት ለማን ነው?”

“ለእኛ ይሁንልን፣ እትዬ” አለ ሞቲ።

“ለእናንተማ ሳልሰማችሁ አላለቅስም። ተጫወቱና ልስማችሁ፤ የሚያስለቅስ ከሆነ ያን ጊዜ አለቅሳለሁ።”

አግዳሚው ሁሉ “ይጫወቱ! ይጫወቱ!” አለ። በጠዋት ተነስቶ፣ ለብሶ፣ ሐዘኑን ተሸክሞ የመጣ ሰው ሐዘኑ ተሰርዟል ሲባል ዝም ብሎ ወደ ቤቱ መሄድ ይከብደዋል። ጋሽ ጉዲሳ አንድ ጣታቸውን አነሱ። “አንድ። አንድ ብቻ። ከዚያ ይፈርሳል።” ቀናው ጊታሩን አልነካም። “ጋሼ ይፍረስ ብለዋል” አላት ሊዲያን ቀስ ብሎ። “ይፍረስ አሉ እንጂ በስንት ሰዓት ይፍረስ አላሉም” አለችና ገመዱን ሰካችለት።

የጀመሩት በዝግታ ነበር። ቀናው ብቻውን ጥቂት አውታር ነካክቶ ሲቆይ ወይዘሮ ዲንቄ ለጎረቤታቸው “ገና እያስተካከለ ነው” አሉ። ከዚያ ዮሚፍ ገባ። ዮሚፍ ቤዙን አንግቶ እንደ ታክሲ ተሰላፊ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከጣቶቹ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፤ ድምፁ ግን በአግዳሚው እግር ገብቶ በተቀመጠው ሰው ጀርባ ይወጣል። ሞቲ ሲከተል ደግሞ፣ ያ አፉ የማያርፍ ልጅ፣ ድራሙ ላይ ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ይሆናል፤ አይቸኩልም፣ አይቆምም። ለሦስት መጫወት ጭካኔ አለው። ትልቅ ባንድ ውስጥ የሳተ ከሌላው ጀርባ ይሸሸጋል፤ እዚህ መሸሸጊያ የለም፤ አንዱ ቢያጎድል ቀዳዳው ለሁሉም ይታያል። ጀሪካኖች ይህን ስለሚያውቁ እርስ በርሳቸው ያደምጣሉ። የሰው ዘፈን ነው የሚጫወቱት፤ ሲዲ ላይ ያለውን መገልበጥ ግን አይደለም። የሚቸኩለውን ያረጋጉታል፣ የተንዛዛውን ይቆርጡታል፤ ዘፈኑ እነሱ ዘንድ አድሮ የወጣ ይመስላል። የቀናው ድምፅም የሚያምር አይደለም። ሻካራ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይሰነጠቃል። ሌላ ዘፋኝ ያን ስንጥቅ ይሸፍነው ነበር፤ እሱ ግን እዚያው ላይ ይቆይበታል፤ የሚሰማው ሰው ጉሮሮውን እስኪነካ ድረስ።

“ምን እያለ ነው?” አሉ ወይዘሮ ዲንቄ በሊዲያ ጆሮ። ቃሉ እንግሊዝኛ ነው።

“ትታው ሄዳ ነው።”

“ውይ! ያስታውቃል።”

መሃል ላይ ሦስቱም በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ሊዲያ ይህን ቦታ ታውቀዋለች፤ ሳሪስ ብርጭቆዎቹ አየር ላይ የሚቀሩት እዚህ ጋ ነው። ከአስፋልቱ ማዶ የአንድ ሲኖትራክ ጩኸት መጥቶ ሄደ። ከዚያ ሦስቱም፣ ሳይተያዩ፣ በአንድ ምት ተመለሱ፤ ሸራው ነፋስ እንደገባበት ተነሳ፤ አንዲት ሴት ሳታስበው እልል አለችና አፏን በእጇ ያዘች። ሲጨርሱ ጋሽ ጉዲሳ ጣታቸውን ሊያነሱ አስበው ሰዉን አይተው ተዉት። ሁለተኛውን ማንም ሳያዝ ጀመሩት። ይሄ ፈጣኑ ነው፤ ሞቲ ከወንበሩ ብድግ ቁጭ የሚልበት። ወይዘሮ ዲንቄ ተነሥተው የነጠላቸውን ጥለት ከአንገታቸው ሥር አወጡና እንደ በዓል ቀን ወደ ታች ጣሉት። ጎረቤታቸው አይታ እሷም ገለበጠች። አንድ በአንድ አግዳሚው ሁሉ ነጠላውን አቃና። ጋሽ ጉዲሳ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ ፊታቸውን እንዳኮሳተሩ፣ ተረከዛቸውን እየጣሉ ያነሳሉ። ሊዲያ ጀሪካኖችን ሁለት ዓመት ስታያቸው እንዲህ ሲጫወቱ አላየችም። ቢራ የማይጠጣ፣ ወሬ የማያወራ፣ ዓይኑን ከእነሱ የማያነሳ ሰው ፊት ተጫውተው አያውቁማ።

ያን ጊዜ በሸራው ክፍት ጎን ቀና ስትል የሦስተኛው ፎቅ መስኮት ሲዘጋ አየች።

ቀናውም አይቶት ነበር። የሚዘፍነው ቃል አፉ ውስጥ ቀረ። ጣቶቹ አውታሩ ላይ አሉ፤ ግን የሚሄዱበት የጠፋባቸው ይመስላሉ። ቀዳዳው ተከፈተ። ዮሚፍ፣ ያ ከቦታው የማይነቃነቅ ልጅ፣ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣና የቀናውን ዜማ በቤዙ አነሳው፤ ወፍራም፣ የጎረነነ፣ ግን ያው ዜማ። ሞቲ ምቱን ዝቅ አድርጎ መንገድ ሰጠው። ሁለቱ ዘፈኑን እንደ ሬሳ ሳይሆን እንደ ደከመ ጓደኛ በብብቱ ደግፈው አሳለፉት፤ አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ዘፈኑ እንዲሁ ነው የሚሄደው ብሎ አጨበጨበ። ሊዲያ የቀረውን አልጠበቀችም። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች። ልትል ያሰበችውን ሁሉ በየፎቁ ደረደረችው፤ ግትር መሆናቸውን፣ አንድ መስኮት ከፍቶ መተው ምንም እንደማይጎዳ፣ ከእንግዲህ ወዲህ የማንንም ቃል ለማንም እንደማታደርስ።

በሩን ስትከፍት አባቷ ሳሎን ውስጥ ቆመዋል። ጋቢው ሶፋው ላይ ነው። የበዓል ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ከሕመሙ በኋላ ትከሻው ሰፍቷቸዋል። ወይዘሮ መሰለች ተንበርክከው የጫማቸውን ክር እያሰሩ “ደረጃውን አትችለውም፤ ኧረ ወንድዬ፣ ሐኪሙ ምን አለህ?” ይላሉ።

ሊዲያ የደረደረችው ሁሉ ጠፍቶባት “መስኮቱን ለምን ዘጉት?” አለች ብቻ።

“ሰው ከቤት ሲወጣ መስኮት አይዘጋም እንዴ? ነፋስ ነው” አሉ ጋሽ ወንድዬ። የሌላውን እግር ጫማ ለሚስታቸው አቀበሉ። “ሰፈሩ ሁሉ ለቅሶዬ ደርሶ እኔ ብቀር ይታዘበኛል።”

ከታች ሦስተኛው ዘፈን ተጀመረ። ጋሽ ወንድዬ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። “ያ ድምፁ የሚሰነጠቀው እሱ ነው?”

“እሱ ነው።”

“እም” አሉ። ከኮታቸው ደረት ላይ የሌለ ነገር አራገፉ። ሊዲያ ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል በቀስታ አስለቀቋት፤ የበሩን ጠርዝ ይዘው ቆሙ። “ለእሱ የምለው አለኝ።”

“ምን ብዬ ልንገርልዎ?” አለች ሊዲያ፣ ከልማድ።

“ተይው” አሉ። “ራሴ እነግረዋለሁ።”

ወጡና በሩን ዘጉት።